በጎማ የተጎተተችው ምኩራብና የወለቃ ጎረቤቶቻችን

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሦስተኛው ጎዳናና ኤፍ ጎዳና በሚገናኙበት ጥግ፣ አንዲት ትንሽ የቀይ ጡብ ምኩራብ አለች። ታክሲ የምትነዱ ወገኖቼ በአጠገቧ ስንቴ እንዳለፋችሁ እናንተው ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1876 አዳስ እስራኤል የተባለ የአይሁድ ማኅበር ነው የሠራት። በከተማዋ ለምኩራብነት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ቤት እሷ ናት። ዛሬ በ2023 የተከፈተው የካፒታል ጂዊሽ ሙዚየም አካል ሆናለች።

ውስጧ የሚያብለጨልጭ ነገር የለም። የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች፣ ረጃጅም መስኮቶች፣ ከላይ ሴቶች ይቀመጡበት የነበረ ሰገነት። ወንድና ሴት ለየብቻ፣ ፊት ወደ ምሥራቅ። ቤተ ክርስቲያን ስሞ ላደገ ሐበሻ እንግዳ ቤት አይደለችም።

ማኅበሩ በ1908 ወደ ትልቅ ምኩራብ ሲዛወር ይህቺ ተረሳች። ግሪኮች ቤተ ክርስቲያን አደረጓት። ከሥሯ ብስክሌት ተሸጠ፣ ፀጉር ተቆረጠ። በ1969 ቦታው ለከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስለተፈለገ ሊያፈርሷት ሆነ። ያኔ ሰዎች ተሯሯጡ። ከመሠረቷ አንስተው፣ ጎማ ላይ ጭነው፣ በከተማው መሐል ጎትተው ወሰዷት! በ2016 እንደገና ተነሳች፤ በ2019 ለሦስተኛ ጊዜ። ፒያሳ በ2024 እንዴት እንደፈረሰች ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አልነግራችሁም።

ከሁሉ የነካኝ ግን ሌላ ነው። ምኩራቧ ስትመረቅ ፕሬዚዳንት ግራንት ተገኝቶ ነበር። ይኸው ግራንት በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ጄኔራል ሳለ፣ በ1862፣ አይሁዶች በሙሉ እሱ ከሚያዝበት ግዛት እንዲባረሩ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ሊንከን ነው ወዲያው ያሻረው። አስጎብኚዋ ይህን ሁሉ ሳትሸፋፍን ነገረችን። ክብሩንም ነውሩንም፣ ልጆች ባሉበት።

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው ወለቃ አፍንጫችን ሥር ነበረች። ስለ ቤተ እስራኤል፣ ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በትምህርት ቤት የነገረን ሰው ግን የለም። የሰማነው ከሰፈር ነው፤ ቡዳ ናቸው፣ ቀን ብረት ቀጥቅጠው ሌሊት ጅብ ይሆናሉ። ማረሻችንን የሚሠሩት እነሱ፣ የምንጋግርበት ምጣድ የእነሱ እጅ ሥራ፣ ስማቸው ግን ቡዳ! ርስት ተነፍገው ነው እኮ በእጅ ሥራ ያደሩት። ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ ቄሶች እንደነበሯቸው፣ ለስግድ በዓላቸው ጾመው ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ይጸልዩ እንደነበር፣ እኔ ያወቅሁት አሜሪካ መጥቼ ነው። ያቃጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1991፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ እስራኤል ሄደ። ብዙዎቹ የጎንደር ገጠር ሰዎች ናቸው። እስራኤል ስግድን እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጋለች። እኛስ? ወለቃ ላይ ራሳቸው የማይወዱት ስም፣ ፈላሻ የሚለው፣ ለቱሪስት ታፔላ ሆኖ ተሰቅሏል። የጸሎት ቤቱን ጎብኚ ያየዋል፣ የሸክላ አሻንጉሊት ይገዛል፣ ይሄዳል። የሀገሬው ልጅ ግን በመንገዱ ያልፋል እንጂ አይገባም።

ጎማና ክሬን አልጠየቅሁም። እነዚያ ቄሶችና እናቶች በሕይወት ያሉት አርጅተዋል፤ የዚያን ጊዜውን ኑሮ በአማርኛ ሊያወሩን የሚችሉት እነሱ ናቸው። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች፣ ስልካችሁን አውጡና ቅዷቸው። የጎንደር የታሪክ መምህራንም፣ ሰላሙ ሲመለስ፣ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ወለቃ ውረዱ። ቡዳ የሚለውን ነገር ደብቃችሁ አትለፉት፤ እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው።