ማስተካከያ፦ የሚያፈስ የቆርቆሮ ጣሪያን ስለ መጠገን

ቀደም ሲል ስለ ቆርቆሮ ጣሪያ ጥገና በጻፍኩት ላይ «ኮርኒሱ የረጠበበትን ቦታ ለዩ፤ በትክክል ከበላዩ ያለውን ቀዳዳ በሲሊኮን ድፈኑ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ምክሬን ተከትለው በከንቱ የደከሙትን አንባቢዎች ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ውሃ ከገባበት ቀዳዳ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይወርድም። በቆርቆሮው ሆድ ወይም በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ ርቆ ሄዶ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው ከእርጥቡ ቦታ ተነስቶ ሽቅብ፣ ወደ ጣሪያው አናት ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ሚስማሩ ዘንድ ነው። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቆርቆሮው ሲሞቅ እየተለጠጠ፣ ሲቀዘቅዝ እየተሰበሰበ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ዝገቱና አቧራው ሳይጠረግ የተቀባ ሲሊኮን እዚያ ላይ አይቆይም፤ ይላጣል። የላላውን ሚስማር ነቅሎ ወፈር ያለ ባለጎማ ብሎን ማሰር ይሻላል። ከሥሩ ያለው እንጨት ከበሰበሰ ግን ብሎኑም አይይዝም፤ እንጨቱ ራሱ መቀየር አለበት።

«አንዴ የተጠገነ ጣሪያ ዳግም አያፈስም» ያልኩትም ይታረም። ጥገናው የሚያድነው የተነካውን ቦታ ብቻ ነው፤ አብረው የተመቱት ሌሎች ሚስማሮች እኩል አርጅተዋልና በዚያው ይፈተሹ።