ሱንዱቡ በሁዳዴ

ሐበሻ እንግዳ ተቀባይ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ለሰው ነው። እንግዳ የሆነ ምግብ ወደ ቤታችን ከመጣ አገሩንና ሃይማኖቱን ሳንጠይቅ አናስቀምጠውም፤ ተጠይቆ ቢያልፍም ወጥ ሳይሆን አያድርም።

ይህን ያወቅኩት በሁዳዴ አጋማሽ፣ ሱንዱቡ ቺጌ የሚባለውን የኮሪያ የቶፉ ወጥ ልሠራ የተነሣሁ ዕለት ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ አናንዴል አለ፤ እዚያ ከምግብ ቤቱ እስከ ጥርስ ሐኪሙ ማስታወቂያው ኮሪያኛ ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ በምታየው የኮሪያ ድራማ ውስጥ ሰዎቹ ሲያለቅሱ ፊታቸው ሁልጊዜ የሚንተከተክ ቀይ ድስት አለ። እኔ ልቅሶውን ትቼ ድስቱን ማየት ጀመርኩ። ቶፉ ደግሞ ከአኩሪ አተር ነው፤ የጾም። ከሃምሳ አምስቱ ቀን ሠላሳውን በምስር የገፋ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?

አክስቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ማዕድ ቤቱም አብሯቸው ይኖራል። ቶፉውን ከላስቲኩ ወደ ሳህን ስገለብጠው ከኋላዬ ቆመዋል። ሱንዱቡ እንደ ሌላው ቶፉ ተጭኖ ውኃው አይወጣለትም፤ እንደረጋ ነው የሚበላው። ሳህኑ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«አይብ? በሁዳዴ?»

«ኧረ እትዬ፣ ከአኩሪ አተር ወተት የረጋ ነው።»

«ወተት ነው ያልከኝ?»

አተሩ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ የሚወጣ ፈሳሽ እንጂ ላም እንዳላየው አስረዳሁ። ጋንግኑንግ በምትባለው የኮሪያ ከተማ፣ ቾዳንግ ሰፈር ውስጥ በባሕር ውኃ እንደሚያረጉትም ጨመርኩ። ባልጨምር ይሻል ነበር። «በባሕር ውኃ!» አሉና አማተቡ።

መረቁ ሌላ ጣጣ ነው። ኮሪያዎቹ የሚያወጡት ከደረቁ ትንንሽ ዓሣዎችና ዳሺማ ከሚባል የባሕር ቅጠል ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት ከተነሣ ፋሲካ ይደርሳል እንጂ አያልቅም። ስለዚህ ዓሣዎቹን ድምፄን ሳላሰማ ወደ ማቀዝቀዣው መልሼ ቅጠሉን ከእንጉዳይ ጋር ቀቀልኩ። ድስቱ እየተንተከተከ ገበታ ላይ ሲቀርብ ጥሬ እንቁላል እንደሚሰበርበት ለአክስቴ ጨርሶ አልነገርኳቸውም።

«ሽንኩርቱን ስንት ሰዓት አቁላላኸው?»

«ሁለት ደቂቃ።»

ዝም አሉ። በእሳቸው ሥርዓት ሁለት ደቂቃ ለመላጥም አይበቃም።

ጥፋት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጎቹጋሩ የሚባለውን የኮሪያ በርበሬ ዘይት ላይ ጨመርኩና፣ እጄ የለመደው ቁሌት ነውና፣ «ትንሽ ይብሰል» ብዬ ማማሰያ ፍለጋ ዞር አልኩ። ጎቹጋሩ የእኛን በርበሬ ትዕግሥት የለውም፤ ለዝግታ እሳትና ለጥቂት ሰከንድ የተፈጠረ ነው። ስመለስ የተቆላ ቡና መስሏል። ሁላችንም ሳልን፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውም ጮኸ። ጎረቤቶቻችን አልወጡም፤ ያ ነገር ሲጮህ ሐበሾቹ ወይ ቡና እየቆሉ ነው ወይ ወጥ እየሠሩ መሆኑን ለምደውታል።

ሁለተኛው ሙከራ ሠመረ። ዘይቱ ቀላ፤ ቶፉው በማንኪያ እየተቆረሰ ገባ፤ የሸክላው ድስት እንደ ድራማው ተንተከተከ። አክስቴ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ።

«ይህ በርበሬ ለሠርግ ለብሶ የመጣ ነው እንጂ ለሥራ አይደለም።»

ክብሩን ላስጠብቅለት ብዬ በርበሬ ለኮሪያም ለእኛም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ መሆኑን፣ ኮሎምበስ በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ሁለታችንም እንደማናውቀው ነገርኳቸው።

«ንግሥት ሳባ ሰሎሞን ዘንድ አልጫ ይዛ ሄደች ልትለኝ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ በሩ ተንኳኳ፤ ልከፍት ሄድኩ። ስመለስ የሚጥሚጣው ዕቃ ክዳን ጠረጴዛው ላይ ነበር። አክስቴ ወደ መስኮቱ እያዩ ነው።

የመጡት ጎረቤታችን ጋሼ ነበሩ። ሐበሻ ቤት ኮሪያ ከተነሣ እዚያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ሳይነሣ እራት አይቀርብም። ጋሼ ገና ሳይቀመጡ 1943 ዓ.ም. ገቡ፤ አጎታቸው በመርከብ ሲሻገሩ፣ በረዶው፣ አንድ ምርኮኛ እንኳ ለጠላት አለመስጠታቸው። ኮረብታው ሥር ሲደርሱ አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ኮረብታው እዚያው ቀረ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ባለቤቴ በታሪኩ መስሏት መሐረብ አቀበለቻቸው።

«ጀግና ሕዝብ ነው» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ሲመለስ። «ይህን በየቀኑ የሚበላ!»

ሚጥሚጣው ከአርሲ መሆኑን የምናውቅ ሁለታችን አልተናገርንም።

የቀቀልኩት ሩዝ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ቀረ፤ እንጀራ ወጥቷል። አክስቴ አጣቀሱ፤ ደገሙ። ሦስተኛውን ጎርሰው አሰቡ።

«ይህ እኮ ተጋቢኖ ነው» አሉ። «ዱቄቱን ረስተውት ነው እንጂ።»

ብድግ አሉ። ማዕድ ቤት ውስጥ የሽሮው ዕቃ ሲከፈት ሰማሁ።