«ጠፋብኝ» ብዬ አልፈርምም

ዶልፊኗ ሚኒባሴ ግቢ ከቆመች ዛሬ 41ኛ ቀኗ ነው። ሞተሯ ምንም አልሆነም። ጎማዋን ከቀየርኩ ገና ሦስት ወር አልሞላም። የእናቴ ዶሮዎች ከሥሯ ገብተው እንቁላል መጣል ጀምረዋል። የቆመችው ሊብሬ ስለሌላት ነው። ሊብሬውን የጣለው ደግሞ ኢንሹራንሷ ነው። አትሳቁ። ንብረትህ ጉዳት ቢደርስበት አለሁልህ እያለ በየዓመቱ ብሬን የሚቀበል ድርጅት የንብረቴን ማስረጃ ራሱ ጣለው። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም፣ ጠበቃ ጓደኛዬም አፍህን ሰብስብ ብሎኛል። አፌን ሰብስቤያለሁ፣ ጣቴን ግን አልቻልኩም።

መኪናዋ የምትሠራው ከደሴ ኮምቦልቻ ነው። በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊትህ ካለው መኪና የሚታይህ ቀይ መብራቱ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ አይሱዙ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ፊቷን መታው። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ፓራውልቱና ሁለቱ የፊት መብራቶች ሄዱ፣ ራዲያተሩም ተቀደደ። ትራፊክ መጣ፣ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) አነሳ። እኔም ሙሉ ሽፋን ስላለኝ ወደ ራሴ ኢንሹራንስ ሄድኩ።

የተባልኩትን ሁሉ አመጣሁ። የፖሊስ ሪፖርት፣ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ፣ ከሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ፣ የሊብሬ ኮፒ። ክሌም ክፍል፣ የካሳ ጥያቄ የሚቀበሉበት፣ ያለችው ልጅ ኮፒውን አየችና «ኦሪጅናሉንም ተውልን ወንድሜ፣ ከፋይሉ ጋር አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ሲመለስ ትወስዳለህ» አለችኝ። እጄ እንቢ አለኝ። ሊብሬ የሚባል ነገር ከእጅ አይወጣም ተብዬ ነው ያደግኩት። ግን ሰልፉ ከኋላዬ ረዝሟል፣ መኪናዋ ተሰብራ ቆማለች፣ ምን ላድርግ። ኮፒው ላይ «ኦሪጅናሉን ተረክቤያለሁ» ብለሽ ፈርሚልኝ አልኳት። ቅር እያላት ፈረመች፣ ማኅተምም መታችበት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለኝ ማስረጃ ያቺ ኮፒ ናት።

ስለዚህ ሊብሬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከቤት የወጣነው በለበስነው ልብስ ነው። እማ ግን የቤቱን ካርታና የመኪናዋን ሊብሬ በፌስታል ጠቅልላ፣ በመቀነቷ ወገቧ ላይ አስራ ነው የወጣችው። ብርድ ልብስ እንኳ ሳንይዝ! በእግር ስንሄድም፣ ሰው ቤት ስናድርም አልፈታችውም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመልሰን ስንመጣ ቤቱ ተዘርፏል፣ ስንቱ መሥሪያ ቤትም ዶሴው መንገድ ላይ ተበትኗል፣ ያ ወረቀት ግን ከእማ ወገብ ላይ ደርቆ ወጣ። ጠርዙ ትንሽ ታጥፎ ነበር፣ ሌላ ምንም አልሆነም። እና እሱ ወረቀት በሰላም አገር፣ ጠረጴዛና ቁልፍ ያለው መሳቢያ ያለበት ቢሮ ገብቶ ጠፋ።

ለእማ መጀመሪያ አልነገርኳትም። ቡና ላይ ነው ያመለጠኝ። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይቀዳ ስኒዋን አስቀመጠችና «ከጦርነት ያወጣሁትን ወረቀት ክራባት ያሰረ ሰው ጣለብህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ በረካው ድረስም አላናገረችኝም።

ጥገናው ነሐሴ ላይ አለቀ፤ እሱን አልዋሽም፣ ከፍለዋል። ኤክሰሳቸውን፣ ማለትም ከራሴ ኪስ የምችለውን ድርሻ፣ ቀንሰው ነው የከፈሉት፣ ግን ከፍለዋል። ሊብሬዬን ስጠይቅ ነው ጉዱ የመጣው። «አልተመለሰም።» በሳምንቱ «መንገድ ላይ ነው።» በሁለተኛው ሳምንት «ሲስተም የለም።» ሊብሬ ፍለጋ ሲስተም ምን ያደርጋል? ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አብሽር፣ ይገኛል» አለኝ። አብሽር እንግዲህ የወሎ ምርጥ ቃል ናት። ሰው ሲታመም እንላታለን፣ ሰው ሲሞትበት እንላታለን፣ ልቡ ሲሰበር እንላታለን። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስትሰሟት ግን ከዛሬ ጀምሮ ሩጡ፤ ዕቃችሁ ጠፍቷል ማለት ነው።

ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ወርጃለሁ። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት የሚባለው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሏል። እዚያ ያሉት ሽማግሌ ሰውየ መልካም ሰው ናቸው፣ ስማቸውን ባውቅ አመሰግናቸው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን መስመር በመስመር አዩልኝ። «ከደሴ ወጪ ሆኗል ልጄ፣ እዚህ ግን ገቢ አልሆነም» አሉኝ። ደሴ ያሉትን ስጠይቅ «እኛ ልከናል» ይላሉ። አዲስ አበባ ያሉት «እኛ አልተቀበልንም» ይላሉ። በወጪና በገቢ መካከል የቀረ ወረቀት እንግዲህ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሆኖ አላፊ አግዳሚውን እያየ ይሆናል።

በዚህ መሐል የቦሎ (የዓመታዊ ምርመራው ተለጣፊ) ጊዜ አለፈ። ያለ ሊብሬ ቦሎ የለም። ያለ ቦሎ ደግሞ መናኸሪያ አትገባም፣ ብትገባም ትራፊኩ አያሳልፍህም። እነሱን አልወቅስም፣ ሥራቸው ነው። ሾፌሬ ሁለት ሳምንት ታገሰኝና የሌላ ሰው መኪና ያዘ። እሱንም አልወቅስም፣ ልጆች አሉት።

ምትክ ሊብሬ ማውጣት ይቻላል። ትራንስፖርት ቢሮ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ አስረድተውኛል። መጀመሪያ የሚፈለገው መጥፋቱን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ነው። ኢንሹራንሱም የሚለኝ ይህንኑ ነው፦ «ፖሊስ ጣቢያ ሂድ፣ ጠፋብኝ ብለህ አመልክት፣ ማስረጃውን አምጣ፣ የምትኩን ወጪ በደረሰኝ እንሸፍንልሃለን።»

እዚህ ላይ ነው የተጣላነው።

እኔ አልጠፋብኝም! የት እንደሰጠሁት አውቃለሁ፣ ለማን እንደሰጠሁ አውቃለሁ፣ ፊርማዋና ማኅተሙ እጄ ላይ ነው። ፖሊስ ፊት ቀርቤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ልፈርም? ነገ ያ ሊብሬ የሆነ ቦታ ብቅ ቢልና አንዱ ብድር ቢበደርበት፣ አንዱ መኪናዬን በወረቀት ቢሸጥ፣ «ራስህ ጥለኸዋል» የሚለው ወረቀት በኔ ፊርማ ነው ያለው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጣልኩት ብዬ ከፈረምኩ በኋላ ማንን ነው ካሳ የምጠይቀው?

የጠየቅኳቸው አንድ ደብዳቤ ነው። ለሚመለከተው ሁሉ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ይህ የሆነ ተሽከርካሪ ሊብሬ በእኛ እጅ ሳለ ጠፍቷል፣ ትብብር ይደረግለት። አራት መስመር አትሞላም። አይጽፉም። «እንዲህ ያለ ደብዳቤ የመጻፍ አሠራር የለንም» ተባልኩ። የመጣል አሠራር ግን አለ ማለት ነው።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ጠሩኝ። ሥራ አስኪያጁ ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ ሲታዘዝልኝ ነው የደነገጥኩት። «ለመልካም ግንኙነታችን ሲባል» 3,000 ብር ሊሰጡኝ ወስነዋል። ከብሩ በፊት ግን የምፈርማት ወረቀት አለች። «ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ትላለች። ሻዩን ጠጣሁ፣ ወረቀቱን መለስኩ።

ሒሳቤን ነገርኩት። ሾፌሩ ነዳጁን ችሎ በቀን 1,200 ብር ገቢ ያስገባልኝ ነበር። የዛሬውን ቀን ይዘን ብናሰላው በ41 ቀን 49,200 ብር ነው። «መኪና በየቀኑ አይሠራም እኮ» አለኝ። እሺ፣ ልክ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ጋራዥ ትገባለች። 6 ቀን ቀንስ፣ 42,000 ይሆናል። የአዲስ አበባውን ትራንስፖርት፣ የምትኩን ወጪ ገና አልጨመርኩም። የእማን ቡናማ ለማንም አልተምነውም። እሱ ግን ሒሳቡን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ የሕፃን ቀልድ የሰማ ይመስላል። ይህ ሰውየ እኮ የፕሪሚየም ቀን አንድ ቀን ባሳልፍ ሽፋኔ ተቋርጧል የሚለኝ ሰውየ ነው! የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ የአደጋው ዕለት ጊዜው አልፎበት ቢገኝ ሳንቲም አይከፍለኝም ነበር። እኔ ሳጠፋ ኤክሰስ አለ፣ አንቀጽ አለ፣ ውል አለ። እነሱ ሲያጠፉ ሻይ አለ።

ጓደኞቼም አላስተኙኝም። አንዱ «ምን ቸገረህ፣ ፈርምና ቦሎህን አውጣ፣ በቆመች ቁጥር የምትከስረው አንተ» ይለኛል። ሌላው «አንድ ደላላ አለ፣ በሁለት ቀን ይጨርስልሃል» ይላል። የመጀመሪያው እውነቱን ነው፣ ሌሊት ሌሊት እኔም እንደዚያው አስባለሁ። ግን በአማርኛችን «ጠፋብኝ» እና «አጠፋብኝ» መካከል ያለችው አንዲት «አ» ናት። የኔ 42,000 ብር ያለው እዚያች «አ» ላይ ነው።

ጠበቃው ጓደኛዬ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይክሳል። የቆመችበት ቀን ገቢ ደግሞ የተቋረጠ ጥቅም ይባላል፣ ከነማስረጃው ከቀረበ ይጠየቃል። በዚህ መንገድ የሚቀርብ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ስለዚህ «አብሽር» እያልክ አትቀመጥ አለኝ። መጀመሪያ ግን ቀን የተቆረጠለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጣቸው፣ ግልባጩንም ኢንሹራንሶችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ አድርግ አለ። «ግልባጭ» የምትለዋን ቃል ሲያነቡ ሰዎች እንዴት ፈጥነው እንደሚቀመጡ ታያለህ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ማስጠንቀቂያውን ይዤ ሄድኩ። 15 ቀን ሰጥቻቸዋለሁ፦ ወይ ደብዳቤውና ካሳው፣ ወይ ፍርድ ቤት። ጸሐፊዋ ተቀበለችኝና አገላበጠችው። የክሌሟ ልጅ የፈረመችባትን ኮፒ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከጀርባው አያይዤ ነበር። አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«ይህቺ ፊርማና ማኅተም ያለባት ኦሪጅናሏ የት አለች?» አለችኝ።

«ቤት ናት።»

«ለማመሳከር ኦሪጅናሏን ብትተውልን ጥሩ ነበር ወንድሜ።»

ሳቄ መጣ። ከት ብዬ ነው የሳቅኩት፣ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ። «እሷ እናቴ መቀነት ውስጥ ናት፣ ከፈለጋችሁ ቤት መጥታችሁ አመሳክሩ፣ ቡና አለ» አልኳትና የኔ ቅጂ ላይ ገቢ አስመትቼ ወጣሁ።