ወላጅ ሲያልፍ ቤቱ የማን ይሆናል?

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እናቶች ሲገናኙ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «እኔ ካለፍኩስ?» የሚል። አንዳንዷማ «ከእኔ በፊት ቢወስደው ይሻለኛል» ስትል ሰምቻለሁ። ልጇን ጠልታ አይደለም። ከእሷ በኋላ የሚያድርበት ቤት ስለማይታያት ነው።

እኛ አገር ስለ ኦቲዝም ሲወራ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ሕፃናት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ጓዳ ተደብቀው የነበሩ ልጆች ወደ አደባባይ ወጡ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ግን ያኔ አምስት ዓመቱ የነበረ ልጅ አሁን ሠላሳን እየተጠጋ ነው። ፂም አብቅሏል። ኦቲዝም ደግሞ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር እንጂ ሲያድጉ የሚለቅ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 ባወጣው ግምት መሠረት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። የዚህን ግማሽ ብቻ ብንወስድ እንኳ ባሕር ዳር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዋቂዎች አሉ ማለት ነው። የት ናቸው? አብዛኞቹ እናታቸው ጋ ናቸው።

ከተማችን ውስጥ የኪራይ ቤት ሲባል ምን እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ግቢ፣ አምስት ስድስት ተከራይ፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የጋራ ቧንቧ። ኮርኒስ የሌለው ቤት ሞልቷል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ወሬያችንን እንቀጥላለን። ድምፅ እንደ መርፌ ለሚወጋው ሰው ግን ያ ሌሊት ስቃይ ነው። የማውቃት እናት የ24 ዓመት ልጅ አላት። በእንዲህ ያለው ሌሊት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ያጋጫል። አከራይዋ ክፉ ሴት አይደለችም። «ልጁ ሳይሆን፣ ተከራይ አልቀመጥልሽ አለኝ እኮ» አለቻት። ልቀቂ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ጎረቤት ሁሉ ፊቱን ባዞረበት ግቢ ውስጥ አዋጅ ጠቅሶ የሚቀመጥ ማን ነው?

ቤት መቀየሩ ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለልጁ የለመደው ነገር ከቦታው ሲነቃነቅ ቀኑ ሁሉ ይናጋበታል። እናቱ ዕቃ ስታስጭን መጀመሪያ የምታወጣው የእሱን አልጋና መጋረጃ ነው። አዲሱ ቤት ሲደርሱ አልጋውን እንደ ድሮው በግራ በኩል ትዘረጋለች። መጋረጃውን ትሰቅላለች። ከዚያ በኋላ ነው እሱ የሚገባው።

ኮንዶሚኒየም ይሻላል የሚሉ አሉ። ለአንዳንዱ ይሻል ይሆናል። አራተኛ ፎቅ ላይ በረንዳው ለሚያሰጋው ቤተሰብ ግን አይሆንም። ጣናም አለ። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹን ውኃ ይስባቸዋል፤ ሳይታዩ ከቤት ወጥተው ሕይወታቸው ከሚያልፍባቸው ምክንያቶች ዋነኛው መስጠም ነው። ለጎብኚ «ሐይቅ ዳር» ማለት ውበት ነው። ለእነዚህ እናቶች የበር መቀርቀሪያ ጉዳይ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ኪራይ አይደለም፣ ውርስ ነው። የራሱ ቤት ያለው ቤተሰብ «እኛስ ቤት አለን» ብሎ ይዘናጋል። ወላጆች ሲያልፉ ምን ይሆናል? ወንድምና እህት ቤቱን ሸጠው ይካፈላሉ። «እሱን ተራ በተራ እንይዘዋለን» ይባባላሉ። ስድስት ወር አንዱ ጋ፣ ስድስት ወር ሌላዋ ጋ። ከዚያ የአንዱ ሚስት ይመራታል፣ የሌላዋ ልጆች ይፈራሉ። ማንንም መውቀስ አልችልም፤ ሁሉም ኑሮ አለበት። ለዚህ ግን ሕጋችን መላ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አላባ የሚለው መብት አለ። ቤቱ የልጆቹ ሁሉ ሆኖ፣ በሕይወት እስካለ ድረስ የመኖርና የመጠቀም መብቱ የአንዱ ሊሆን ይችላል። በኑዛዜ ይጻፋል። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት የሚመስላቸው ሰዎች ይኼን ነገር ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

«ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ማዕከል ይሠራላቸው» የሚለውን ሐሳብ በየስብሰባው እሰማለሁ። ሰፊ ግቢ፣ ንጹሕ አየር፣ ሪባን መቁረጥ። እኔ አልስማማም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 ላይ፣ ሰው የትና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት አለው ይላል። ሠፈሩን፣ ባለሱቁን፣ እሑድ እሑድ ከአባቱ ጋር የሚሄድበትን ጊዮርጊስን ትቶ አጥር ውስጥ መግባት ያለበት ለምንድን ነው? በዚያ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አጎቱ ሱቅ ውስጥ የለስላሳ ሳጥን የሚደረድር ወጣት አውቃለሁ። ከደንበኛ ጋር ብዙ አያወራም፤ ሥራው ላይ ግን እንከን የለውም። ብቻውን መኖር ይችላል። የሚቸግረው መብራት ክፍያ፣ ቀበሌ፣ ባንክ ነው። ለእሱ በሳምንት ሁለቴ ብቅ የሚል ሰው ይበቃዋል። ሌላው ደግሞ ሌሊትም ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የምለው ትንንሽ ቤት ነው፤ ሠፈር ውስጥ፣ ምድር ላይ፣ ኮርኒስ ያለው። ለየራሳቸው አንድ አንድ ክፍል፣ የጋራ ሳሎን፣ የሚዘጋ የግቢ በር። በማኅበር ተደራጅቶ ቤት መሥራት ለባሕር ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። እነዚህ ወላጆች እንደ አንድ ማኅበር ተመዝግበው ቦታ እንዲያገኙ የከተማው አስተዳደር በር ቢከፍትላቸው፣ ግንባታውን ራሳቸው ይጀምሩታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መርዳትን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል፤ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ። ቦታ መስጠት ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

ከባዱ የሚንከባከባቸው ሰው ማግኘት ነው። የቤት ሠራተኛ ቀጥሮ ነገሩን መተው አያዋጣም፤ ልጁ መጀመሪያ የሚጮኽበት ቀን ሠራተኛዋ ደንግጣ ትሄዳለች፣ አይፈረድባትም። ሥልጠና ያስፈልጋታል፣ ደህና ደመወዝ፣ ተተኪ፣ ዕረፍት። ይኼ በየወሩ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ወላጅ ብቻውን አይችለውም፤ የተወሰነውን ከተማው በበጀት መያዝ አለበት።

ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኑር ለሚለው፣ እኔ ከአራት አይለፍ ባይ ነኝ። ከማን ጋር እንደሚኖር ደግሞ መጀመሪያ ነዋሪው ራሱ ይጠየቅ፤ በቃል ባይመልስ እንኳ፣ ጥቂት ቀን አብሯቸው ቢያሳልፍ መልሱ ይታወቃል።