ጀግንነቱ እንዳለ ሆኖ ያሰለፏቸውስ ማን ይጠይቃቸው?

ራግቢ ሊግ፣ ማለትም በየቡድኑ 13 ሰው ሆኖ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የራግቢ ዓይነት፣ እኛ ጋ ብዙም አይታወቅም፣ የዳግላስ ክላርክ ነገር ግን ሰሞኑን ከውስጤ አልወጣ ብሏል። ክላርክ በፈረንጆቹ 1891 እንግሊዝ ካምበርላንድ ውስጥ የተወለደ፣ በድንጋይ ከሰል ሥራ የጠነከረ፣ ትግልም የሚችል የሃደርስፊልድ ክለብ ፎርዋርድ ነው። ፎርዋርድ ማለት እንግዲህ ስክረም (የሁለቱ ቡድን ሰዎች ተቆላልፈው የሚገፋፉበትን) የሚገፋው፣ ኳስ ይዞ ሰው መሃል የሚላተመው ነው፣ ነጥብ የሚያስቆጥረውና የሚጨበጨብለት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ስሙ ሲነሳ ሁሌ የሚወራው እንግሊዞች አውስትራሊያን ሲድኒ ላይ የገጠሙበት የጁላይ 4፣ 1914ቱ ጨዋታ ነው። እንግሊዞቹ ጁን 27 ተጫወቱ፣ ጁን 29 ደገሙ፣ ቡድኑ በጉዳት ተመናምኖ ሳለ ሜልቦርን ላይ ቆየት ብሎ ይደረጋል የተባለው 3ኛው ቴስት (የብሔራዊ ቡድኖች ግጥሚያ) ድንገት ወደ ፊት መጣ። አመራሮቻቸው ይሄማ አይሆንም ብለው ተከራከሩ፣ ከእንግሊዝ የመጣው ቴሌግራም ግን ግዴታችሁን ተወጡ ነው ያለው። በቃ ገቡ።

ክላርክ ገና በጊዜ አውራ ጣቱ ተሰበረ፣ አሳስሮ ተመለሰ። ከዛ የትከሻው አጥንት ሄደ፣ እሱንም አስጠቅልሎ ሊገባ ሞከረ፣ አልቻለም፣ እንባው እየወረደ ወጣ። ተቀያሪ የሚባል ነገር ስላልነበረ የወጣ ሰው ቦታው ባዶውን ነው የሚቀረው፣ በኋላ ሌሎችም ተጎድተው ከ2ኛው አጋማሽ ብዙውን 10 ሆነው 13 ሰው ተቋቋሙ። 14 ለ 6 አሸነፉ።

ጋዜጦቹ ጨዋታውን ሮርክስ ድሪፍት አሉት፣ በ1879 ጥቂት የእንግሊዝ ወታደሮች ከዙሉ ጦር ጋር በተዋጉበት ቦታ ስም። እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ጨዋታው ጦርነት ተብሎ ሲሞገስ ጊዜ እነዚህን ልጆች በ8 ቀን 3 ቴስት ያጫወታቸው ማነው የሚለው ጥያቄ ተረሳ፣ ጀግና ጀግና እየተባለ የኃላፊዎቹ ጥፋት ተሸፈነ። ድሉ ባይገኝ ኖሮ እኮ ስለ ቴሌግራሙ ነበር የሚወራው! ለተጎዳ ሰው ተቀያሪ ማስገባት የተፈቀደው በ1964 ነው፣ ግማሽ ክፍለ ዘመን ሙሉ አጥንት እየተሰበረ ይጨበጨብ ነበር ማለት ነው።

ክላርክ ራሱ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ፓሽንዴል ላይ ቆስሎ፣ በመርዝ ጋዝ ተጎድቶ፣ የጀግና ሜዳሊያም ተሸልሞ ወደ ሜዳ ተመለሰ፣ በ1920 እንደገና አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ ተጫወተ። ጽናቱን የሚጠራጠር የለም። እኔ የምለው የዛን ቀን ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ቴሌግራሙም አብሮ ይጻፍ፣ የላኩትም ሰዎች ይጠየቁበት ነው።