ይድረስ ለክቡር አዲሱ ሞዴል የእጅ መገናኛ ሬዲዮ

ጉዳዩ፦ ከኮምፒውተር ጋር አልነጋገርም ስለማለትዎ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ ክቡርነትዎ? እኛ ኬብል ሰክተን ደጅዎ ከመጥናት በቀር ደህና ነን።

በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት። ከሳጥን ሲወጡ አምሮብዎታል። አንቴናዎ ረዝሟል፣ ስክሪንዎ ባለ ቀለም ሆኗል፣ ስምዎ ላይም «ፕሮ» ተቀጥሎበታል። ግን ገልበጥ አድርጎ ላየዎት ሰው ያው የአምናው ሬዲዮ ነዎት። የድሮው ባትሪ ይገጥምዎታል፣ የድሮው ቻርጀር ይሠራልዎታል፣ ቁልፎችዎም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ ጉልቻውንም አልቀየሩም፣ ስሙን ብቻ።

ታዲያ ቺርፕ ለምን አላወቀዎትም? ቺርፕን መቼም ያውቁታል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ነው፤ በነፃ ይወርዳል፣ የስንቱን ፋብሪካ ሬዲዮ ቻናሎች ከኮምፒውተር ላይ በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ይሞላል። እሱ ከሌለ የእያንዳንዱን ሪፒተር (ድምፅ ተቀብሎ አርቆ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) ፍሪኩዌንሲ፣ ሺፍት (በመላኪያውና በመቀበያው ፍሪኩዌንሲ መካከል ያለው ልዩነት) እና ቶን (ሪፒተሩን የሚከፍት ዝቅ ያለ ድምፅ) በቁልፍ ሲጠቀጥቁ መዋል ነው፤ ሜኑ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ተሳስቶ፣ እንደገና ሀ ብሎ።

የታላቅ ወንድምዎን የባኦፌንግ ዩቪ-5አርን ጨዋነት ላስታውስዎ። ኮምፒውተሩ ለሰላምታ ሰባት ባይት ይልክለታል። የመጨረሻዎቹ አራቱ 20 12 07 25 ናቸው (ቀን ይመስላሉ፤ የማን ልደት እንደሆነ እንጃ)። እሱም 06 ብሎ ይመልሳል፤ አቤት እንደማለት ነው። ከዚያም ኮምፒውተሩ ቁራሽ በቁራሽ ሲጠይቀው በሆዱ ያለውን ይዘረግፋል። 128 ቻናል፣ ለእያንዳንዱ 16 ባይት። 145.500 ሜጋኸርዝ እዚያ ውስጥ 00 00 55 14 ሆኖ ተቀምጧል፤ ጥንድ ጥንዱን ከኋላ ወደ ፊት ሲያነቡት ፍሪኩዌንሲው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዴ ለገባው ሰው እንዴት ደስ ይላል መሰለዎት!

እርስዎስ? ያንኑ ሰላምታ ስንልክልዎ ጆሮ ዳባ ልበስ። ቺርፕ ትንሽ ይጠብቅና «ሬዲዮው መልስ አልሰጠም» ብሎ ቁጭ ይላል። እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምንጠረጥረው እርስዎን ሳይሆን ኬብሉን ነው። ነቅለን እንሰካለን። ባለ ሁለት ጥርሱ መሰኪያ፣ አንዱ 3.5 አንዱ 2.5 ሚሊሜትር፣ የገባ ይመስላል እንጂ በሰውነትዎ ጠርዝ ተይዞ ፀጉር የምታክል ይቀረዋል። ፕላስቲኩን በቢላ የሚሸልት ሰው ሁሉ አለ። ያም ተሸልቶ፣ የኬብሉ ድራይቨርም ተቀይሮ፣ ፖርቱም ተቀያይሮ፣ እርስዎ አሁንም ዝም።

ለካ ሰላምታዋን ቀይረዋታል። ጥቂት ባይት። ውስጥዎ እንዳለ የድሮው ቤት ነው፣ በሩ ላይ ያለችውን ቃል ብቻ ለውጠው እኛን ውጭ አሳደሩን። «ያው ነው» ብሎ በዝርዝሩ ላይ ሌላ ሞዴል መርጦ በግድ የሚጽፍብዎት ደፋርም አይጠፋም፤ ቀን የጣለው እንደሆነ የፋብሪካ ማስተካከያ ቁጥሮችዎን ደምስሶ ያርፋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕዳ ቺርፕ እርስዎን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ኮድ፣ ድራይቨሩን፣ በሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች ጫንቃ ላይ ነው። ዊንዶውስ ካልሆነ አልሠራም የሚለውን የፋብሪካዎን ሶፍትዌር ከፍተው፣ ከእርስዎ ጋር ምን እንደሚንሾካሾክ በፖርቱ በኩል ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ። አንድ ቻናል ላይ ቶኑን 88.5 ያደርጋሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ፋይሉን ከቀድሞው ጋር ያስተያያሉ፣ የትኛው ባይት እንደተነቃነቀ ያያሉ። ቀጥሎ ፓወሩ። ቀጥሎ ስኩዌልቹ (ሹክሹክታውን የሚዘጋው)። የስክሪንዎ መብራት ስንት ሰከንድ እንደሚበራ ሳይቀር በዚህ መንገድ ነው የሚገኘው። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው። አንዳንዴ ሬዲዮው ራሱ እጃቸው ላይ የለም፤ የሌላ ሰው ሎግ (የንግግሩ መዝገብ) ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚሠሩት። እርስዎን የሠራዎት ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፎ ሊሰጣቸው ሲችል! ምስጢር ነው እንዳይባል፣ ሬዲዮው ገበያ በወጣ ማግስት የሚፈታ ምን ምስጢር አለ?

ስድቡን ደግሞ እነሱ ይጠጡታል። አንዱ ሳጥኑን እንደከፈተ «የኔ ሬዲዮ መቼ ነው የሚደገፈው?» ብሎ ይጽፋል። ሎግ አያያይዝም፣ የፈርምዌሩን (የሬዲዮውን የውስጥ ሶፍትዌር) ቁጥር አይናገርም፣ «ጥቁሩ ነው» ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ሻጭዎ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ማንም ገና ሳይነካዎት ማስታወቂያው ላይ «ከቺርፕ ጋር ይሠራል» ብሎ ለጥፏል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ልመናችን ትንሽ ናት። የሚሞሪዎን ካርታ፣ የትኛው ባይት ምን እንደሚይዝ፣ ያውጡልን፤ ውብ እንግሊዝኛ አያስፈልገውም፣ ቁጥሮቹ ይበቁናል። ይህ ለክብርዎ የሚከብድ ከሆነ ቀለምዎን ሲቀይሩ ሰላምታዎን አይቀይሩ። ያም ከከበደ ለድራይቨር ጸሐፊዎቹ አንድ አንድ ሬዲዮ ይላኩላቸው፤ ከማስታወቂያ ወጪዎ አይበልጥም። ድራይቨሩ ተጽፎ፣ ተሞክሮ፣ ሰው እፎይ ባለ ሰሞን ደግሞ በአዲስ ፈርምዌር መጥተው ሴቲንጉን ሁለት ባይት ወደ ጎን አይግፉብን፣ በሚያምኑት ይሁንብዎ!

ከአክብሮት ጋር፣
በኬብሉ ወዲያኛው ጫፍ ያለሁት

ግልባጭ፦
ለሻጭዎ
ገና ስም ላልወጣለት ታናሽ ወንድምዎ