ይድረስ ለክቡር ጥቁሩ ስክሪን፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ በኮዬ ፈጬ፣ በአራብሳና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ኮምፒውተር በእጃችን ገጣጥመን ኦቨርክሎክ የምናደርግ (ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ የምናስሮጥ) ሰዎች ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን። ናፍቆቱም ዕድሜ የለውም። ማታ ለራሙ (ለሜሞሪው) 3600 ፍጥነት እንሰጠዋለን፣ ሁለት ሰዓት ጌም እንጫወትበትና "ጸና!" ብለን እንተኛለን፤ ጠዋት በውርጩ የፓወር ቁልፉን ስንጫን ከተፍ ይላሉ። ፋኑ ይሽከረከራል፣ መብራቱ በቀይ በሰማያዊ ይንቦገቦጋል፣ ኬዙ ውስጥ ሠርግ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ለቅሶ ቤት።

ሰማያዊው ዘመድዎ (የዊንዶውስ የብልሽት ስክሪን) እንኳ ሲመጣ ኮድ ጽፎ ይሄዳል። እርስዎ አንዲት ፊደል ሳይጽፉ ሰውን መርካቶ ድረስ ያስሮጣሉ። ደህናውን ራም "ተቃጥሏል" አሰኝተው ሌላ ያስገዙታል፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር የነካው የለምና፣ አዲሱን ይዞ ሲመለስ ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጠው ይጠብቁታል።

ቢሮም አለዎት። ደህና ማዘርቦርድ ጠርዝ ላይ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሉ፦ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ዲራም (ራሙ)፣ ቪጂኤ (የግራፊክስ ካርዱ)፣ ቡት (የሚነሳበት ዲስክ)። ልክ እንደ መሥሪያ ቤት መስኮት ጉዳዩ በየተራ ያልፍባቸዋል፤ የታሰረበት መስኮት መብራቱ በርቶ ይቀራል። ሲፒዩው ላይ ከቀረ፣ አቧራ ለማራገፍ ኬዙን የከፈተ ሰው ባለ 8 ፒኑን የፕሮሰሰር ገመድ ሳይመልስ ዘግቶት ይሆናል። ቪጂኤ ላይ ከሆነ ካርዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። ሁሉም መብራት ጠፍቶ ስክሪኑ ብቻ ከጨለመ ኤችዲኤምአዩ ከካርዱ ይልቅ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካቱን እናያለን። የኢንቴሉ ባለ "ኤፍ" ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው፣ ከዚያ ቀዳዳ ምስል መጠበቅ ከደረቅ ቧንቧ ውኃ መጠበቅ ነው።

የኦቨርክሎክ ሰው ግን ሰልፉ ዘወትር ዲራም መስኮት ላይ ነው። "ኤክስኤምፒ ማብራት ኦቨርክሎክ አይደለም" እያሉ የሚሟገቱልዎ ጠበቆች ሞልተዋል። ኤክስኤምፒ ራሙን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚያስሮጥ የባዮስ ምርጫ ነው። የዲዲአር4 ራም ፓኬት 3600 ቢልም፣ ኤክስኤምፒ ሳይበራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በ2133 ወይም በ2666፣ በ1.2 ቮልት ነው። 3600 የሚሮጠው አብዛኛውን ጊዜ በ1.35 ቮልት ሲሆን፣ ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ላይ ይወድቃል። ሁለት ራም የቻለ መቆጣጠሪያ አራት ሲጭኑበት ይለግማል። ሁለቱም ቢሆኑ ባለ አራት ቀዳዳ ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ቀዳዳ ላይ መግባት አለባቸው። ደግሞ ማዘርቦርዱ ሲነሳ ከራሙ ጋር የምልክት መላኪያ ሰዓት ያስማማል፤ ማታ በሙቀት የተስማሙበት በኅዳር ጠዋት ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛ ሲጫኑት የሚነሳው፣ እኛም "ምንም አልሆነም" ብለን የምንሸነገለው ለዚህ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስምዎን የሚያጠፋ አንድ አስመሳይ እንጠቁምዎ። ዲዲአር5 ያለው ማሽን ባዮሱ ከጸዳ በኋላ መጀመሪያ ሲነሳ ለደቂቃዎች ጨልሞ ራሙን ያሠለጥናል (ያንኑ ሰዓት ያስማማል)። እርስዎን መስሎን መሃል ላይ እናጠፋዋለን፤ ሥልጠናው ከሀ ይጀምራል። ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪወርድ የፓወር ቁልፉን የሚነካ እጅ መኖር የለበትም።

እንግዲህ የምንወስደውን እርምጃ ልወቀው ካሉ ይኸው። ገመዱን ከግድግዳው እንነቅላለን፤ ማጥፊያውን ብቻ መጫን አይበቃም። የፓወር ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ይዘን የተረፈውን ኤሌክትሪክ እናፈሳለን። እጃችንን የኬዙ ብረት ላይ እናሳርፍና ሳንቲም የምታህለዋን ሲአር2032 ባትሪ የያዘቻትን ብረት በጥፍር ገፋ እናደርጋለን፤ ራሷ ብድግ ትላለች። 5 ደቂቃ ውጭ ትቆያለች። አለዚያ ገመዱ እንደተነቀለ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት የባዮስ ማጽጃ ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለ10 ሰከንድ ማገናኘት ይቻላል። ያን ጊዜ ቁጥሮቻችን ሁሉ ይጠፋሉ፣ እርስዎም አብረው።

ባትሪዋን መናቅ የለመድነው ጥፋት ነው። ግድግዳው ላይ መብራት እስካለ የባዮሱን ሰዓት የሚያስሄደው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ መብራት ሲሄድ እሷ ትረከባለች። በእኛ ሰፈር ደግሞ ትርፍ ሰዓት ትሠራለች። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ባለ 3 ቮልት አዲስ ባትሪ ይገዛ፤ ከራም በጣም ይረክሳል። ባዮሱ ከጸዳ በኋላ "ዊንዶውስ ጠፋ" የሚለው ጩኸትም የእርስዎ ሥራ አይደለም። ቀኑ፣ የቡት ቅደም ተከተሉና የሳታ (የዲስኩ መገናኛ) ሁነታው ወደ ፋብሪካው ምርጫ ስለተመለሱ ነው፤ ቀድሞ ወደነበሩበት መመለስ ነው።

አሁንም ራም መስኮት ላይ ከቆሙ አንድ ራም ብቻ 2ኛው ቀዳዳ ላይ እናስቀርና የወርቅ ጥርሱን በእርሳስ ላጲስ ለስለስ አድርገን እንጠርጋለን፤ የላጲሱ ፍርፋሪ ቀዳዳው ውስጥ እንዳይገባ። የግንባታ አቧራ በመስኮት በሚገባበት ሰፈር ይህ ቅንጦት አይደለም። ስንመልሰው "ቀጭ" ካላለ አልገባም። ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን) የሚቀይሩት ግን ይረፉ። ፋኑ ካልቆመ በቀር ፔስት ማሽን እንዳይነሳ አያደርግም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ማቀዝቀዣም ይደክማል፤ ነገር ግን ያ ማሽኑ ከተነሳ በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው። ከባሕር ዳርቻ ሰው ቪዲዮ ቁጥር የምንገለብጥ ያንን እናስብ (ባሕር ዳር አላልንም፤ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት)።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቁጥር ብቻ እየቀየርን፣ ፕሮሰሰሩን 100 ሜጋኸርዝ እየጨመርን እንወጣለን። ራሙን ሜምቴስት86 በተባለው መፈተሻ ፕሮግራም አራት ዙር እናስፈትሻለን። ፈተናው የሚያልቀው ግን ገመዱ ተነቅሎ ያደረ ማሽን ከንጋቱ 12 ሰዓት በአንድ ጭነት ሲነሳ ነው። ለዚያ ፈተና እንዲገኙ ጋብዘንዎታል፤ ባይመጡ አንቀየምም።

ግልባጭ፦
ለቆጣሪው
ለ3600ው